የቦምቤይ ህዝብ ከሆስፒታል የሸሸው ስላልገባው አልነበረም

ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ከባለስልጣኑም ከቴሌቪዥን ተንታኙም የማትጠፋ አንድ አባባል አለች፣ "ህብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም" የምትባለው። ሰው ጤና ጣቢያ ካልመጣ ግንዛቤ የለውም፣ የታመመ ዘመዱን ከደበቀ ግንዛቤ የለውም፣ ክትባት ከፈራም ያው ግንዛቤ የለውም። እኔ ይቺን አባባል ከልቤ ነው የምቃወማት፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ ከ120 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደን እንግሊዞች ይገዟት የነበረችውን የህንድ ወደብ ቦምቤይን፣ የዛሬዋን ሙምባይ ማየት አለብን። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦምቤይ ለኛም ያን ያህል ባዕድ አይደለችም፣ ጄኔራል ናፒየር በ1868 መቅደላ ድረስ ይዞት የመጣው ጦር አብዛኛው መርከብ ላይ የወጣው ከዚችው ወደብ ነው።

በ1896 ከተማዋ ወደ 850,000 ህዝብ ነበራት። የምትኖረው በጥጥ ነው፣ ጥጡ ከገጠር በባቡር ይመጣል፣ ፋብሪካው ይፈትለዋል፣ መርከቡ ይጭነዋል። ይሄን ሁሉ የሚሰራው ሰው ደግሞ "ቾል" በሚባሉ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ነው የሚያድረው፣ አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ለሁለትና ሶስት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ብዙ ነው። በሴፕቴምበር አካሲዮ ቪዬጋስ የሚባል የጎዋ ተወላጅ ሐኪም ማንድቪ ሰፈር ውስጥ ከባድ ትኩሳት ይዟቸው ብሽሽታቸውና ብብታቸው ያበጠ ሰዎች አየና ይሄ ቸነፈር (ፕሌግ የሚባለው፣ ከአይጥ የሚመጣው ገዳይ በሽታ) ነው አለ። ማንድቪ ወደቡ ስር ያለ፣ የእህል መጋዘን የሞላበት ሰፈር ነው፣ ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ባለስልጣኖቹ መጀመሪያ ላይ ነገሩን አለሳልሰው ማለፍ ነበር የፈለጉት፣ ምክንያቱም አንድ ወደብ ቸነፈር አለበት ከተባለ መርከቡን የሚቀበል የለም፣ ንግዱም ቆመ ማለት ነው።

ማለሳለሱ ግን ሳምንታት ነው የቆየው። ኦክቶበር 6 የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ስኖው ትእዛዝ አወጣ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የማንንም በር አስከፍተው መግባት ይችላሉ፣ የታመመውን ደግሞ ቤተሰቡ ወደደም ጠላም ወደ ሆስፒታል ይወስዱታል። ሆስፒታል ሲባል ደግሞ በዋናነት አርተር ሮድ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብለን ሆስፒታሉ ለዚያ ሰራተኛ ምን ነበረው ብለን እንጠይቅ። መድኃኒት አልነበረውም። ቸነፈርን የሚያድነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከዚያ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በቃሬዛ ተወስዶ የገባ ሰው ባብዛኛው የሚወጣው ሬሳ ሆኖ ነው፣ ሰፈሩም ይሄን በዓይኑ እያየ ነው። እዚያ ማን አጠገቡ እንደሚተኛ አያውቅም፣ ምግቡን የሚያበስልለት ከየትኛው ካስት (በውልደት ከሚወሰነው የህንዶች የማህበረሰብ ደረጃ) እንደሆነ አያውቅም፣ ሴት ከሆነች ቤተሰቧ ያልሆነ ወንድ ገላዋን ይነካታል፣ ቢሞት ደግሞ እንደ ሃይማኖቱ ይቀበር ወይ ይቃጠል እርግጠኛ የሚሆንበት መንገድ የለም። እኛ አገር አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም መቼም፣ ወንድም እህት ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፎ የሚያድረው ዝም ብሎ አይደለም። እና ያ የቦምቤይ ሰራተኛ ሁሉንም ነገር አስቦ አመዛዝኖ እናቴን ለዚህ ቤት አልሰጥም ቢል የቱ ጋ ነው አለማወቁ?

ወሬውም ተነሳ በርግጥ። ሆስፒታል ውስጥ ሰው እየገደሉ ከሬሳው ቅባት ያወጣሉ ተባለ። በዚያው ሰሞን የንግሥት ቪክቶሪያ ሐውልት ሬንጅ ተቀብቶ አድሮ ነበርና ንግሥቲቱ ለዚህ ካሳ የሰው አካል ጠይቃለች የሚልም ተወራ። የዘመኑ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይሄንን ይዘው "ያልሰለጠነ ህዝብ" የሚለውን ድምዳሜ ጻፉ፣ እስከዛሬም እንዲያው ተደርጎ የሚተረክበት ቦታ አለ። ለኔ ግን ወሬው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሰው በጉልበት ገብቶ ሬሳ ሆኖ ከሚወጣበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው ከሌለ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላው ደግሞ ስለገዢው በሚያውቀው ነገር ነው፣ ስለገዢው የሚያውቀው ደግሞ ጥሩ ነገር አልነበረም።

ኦክቶበር 29 ወደ 1,000 የሚሆኑ የፋብሪካ ሰራተኞች አርተር ሮድ ሆስፒታልን ወረሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ወዲያው አላላ፣ ቤቱ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ መቀመጥ የሚችል ሰው በግድ አይወሰድም ተባለ። ስኖው ይሄን ያደረገበትን ምክንያት ሲያስረዳ ከጠቀሳቸው ነገሮች ዋናው የከተማዋ ጠራጊዎችና ሽንት ቤት አውጪዎች ነበሩ፣ እነሱ ፈርተው ከሸሹ ከተማዋ ሰው የማይኖርባት ትሆናለች ብሎ ሰጋ። እስኪ አስቡት፣ ያ ሁሉ አዋጅና ያ ሁሉ ፖሊስ በስተመጨረሻ የቆመው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። ግን ማላላቱንም ልብ በሉ፣ "ቤቱ ውስጥ ለብቻው መቀመጥ የሚችል" ማለት ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ማለት ነው። የቾሉ ነዋሪ ክፍሉ አንድ ነው፣ ስለዚህ ለሱ የተለወጠ ብዙ ነገር አልነበረም።

በቀጣዮቹ ጥቂት ወራት ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው እግሬ አውጪኝ ብሎ ከቦምቤይ ወጣ። ከበሽታውም ነው የሸሸው ከቃሬዛውም ነው፣ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በሽታው ግን አብሮት በባቡር ሄደ።

መንግሥት ታዲያ ከዚህ ተማረ ወይ ካላችሁ ተቃራኒውን ነው ያደረገው፣ ለምን ቢባል ጫናው የመጣው ከውጭ ነው። በ1897 መጀመሪያ ላይ የአውሮፓ መንግሥታት ስለ ቸነፈሩ ቬኒስ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ፣ ከህንድ የሚመጣ መርከብና ዕቃ ይታገድ የሚል ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በዚያ ዓመት ከቦምቤይ ወደ መካ የሚደረገው የሐጅ ጉዞም ተከለከለ። የእንግሊዝ መንግሥት ጠንከር ያለ ነገር እየሰራሁ ነው ብሎ ማሳየት ነበረበት። ፌብሯሪ 4 ቀን 1897 የወረርሽኝ በሽታዎች ሕግን አወጣ። አራት አንቀጽ ብቻ ነው ሕጉ። መንግሥት አስፈላጊ ነው ያለውን ማንኛውንም እርምጃ መውሰድ ይችላል ይላል፣ እምቢ ያለ ይቀጣል ይላል፣ በመጨረሻም በዚህ ሕግ መሰረት በቅን ልቦና እርምጃ የወሰደ ሰው አይከሰስም ይላል። ስለታማሚው መብት ግን አንድም ቃል የለውም። እኔ ይሄን ሕግ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይሄ ነው፣ የህዝብ ጤና ሕግ ተብሎ ህዝቡ ውስጡ የለም፣ መርከቡ ግን አለ፣ የመርከብና የመንገደኛ ምርመራ በግልጽ ተጽፏል።

ማርች ላይ በጄኔራል ጋታከር የሚመራ የቸነፈር ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጄኔራል ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ሰፈር እየተከበበ ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ መንገደኛው ተሰልፎ ብብቱና ብሽሽቱ ይነካካል፣ ሬሳ ሳይመረመር አይቀበርም። ህዝቡ ደግሞ በሽተኛውን ጣሪያ ላይና ቁምሳጥን ውስጥ መደበቅ ጀመረ፣ ሬሳ ቤቱ ወለል ስር የቀበረም ነበር። ከዚህ የከፋ ለበሽታ የሚመች ነገር ምን አለ? መርማሪው ቁጥር ያገኝ ነበር ግን ትክክለኛውን ቁጥር አልነበረም። ፑና ከተማ ላይ ነገሩ ከመጠን በላይ ከረረ፣ ወታደር ጓዳና የጸሎት ቦታ ድረስ እየገባ ነው የሚል ምሬት ከዳር ዳር ተሰማ፣ ጁን 22 ቀን የንግሥቲቱ 60ኛ ዓመት በተከበረበት ሌሊት የቸነፈር ኮሚሽነሩን ራንድን ቻፔካር የሚባሉ ወንድማማቾች ተኩሰው መቱት፣ በቁስሉም ሞተ። ቲላክ የሚባለው ታዋቂ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ደግሞ በጻፈው ጽሑፍ አመፅ ቀሰቀስክ ተብሎ ታሰረ።

እዚያው ፑና ዳርቻ ላይ በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆኗል፣ ያነሰ የሚወራ። ሳቪትሪባይ ፉሌ፣ ለሴት ልጆችና በካስት ለተገፉት ትምህርት ቤት የከፈተችው ሴት፣ ሐኪም ከሆነው የማደጎ ልጇ ጋር ሆና ለቸነፈር በሽተኞች ትንሽ ክሊኒክ ከፈተች፣ የታመሙትን ራሷ ታመጣ ነበር፣ በሽታው ያዛትና ማርች 10 ቀን 1897 ሞተች። ያች ክሊኒክም መድኃኒት አልነበራትም። ግን ሰው ይሄድባት ነበር፣ የሚያመጣህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህና።

አሁን ደግሞ ስለ ሳይንሱ፣ ምክንያቱም "ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር፣ ህዝቡ ግን አልሰማ አለ" የሚለው ተረክ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በ1894 ቸነፈሩ ሌላዋን የእንግሊዝ ወደብ ሆንግ ኮንግን ሲያጠቃ አሌክሳንደር የርሲን የሚባለው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሰው ባክቴሪያውን ለይቷል፣ ሬሳ ቤት አናስገባም ብለውት ለእንግሊዝ መርከበኞች ገንዘብ እየሰጠ ነው ናሙና ያገኘው። ስለዚህ ተሕዋሲው ታውቋል። እንዴት እንደሚተላለፍ ግን አልታወቀም ነበር። ቦምቤይ ላይ የተሰራው ሁሉ ቆሻሻና መጥፎ አየር ነው በሚል ግምት ላይ የተመሰረተ ነው፣ የፍሳሽ ቦዮች በባህር ውሃና ካርቦሊክ አሲድ በሚባል ተሕዋሲ ገዳይ ታጠቡ፣ ግድግዳ ኖራ ተቀባ፣ ጣሪያ ተነቀለ፣ በር ላይ ለሰው መኖሪያ አይሆንም የሚል ምልክት ተጻፈ፣ የድሃ ዕቃ ተቃጠለ። አይጦቹ ደግሞ ከቦዩ ሲባረሩ ወደ ቤት ነው የሚገቡት። ከበሽተኛ ጋር የነበረውን ሰው ካምፕ ማስገባት ከበሽታው መንገድ ጋር ብዙም አይገናኝም ነበር፣ ምክንያቱም ብብት የሚያሳብጠው ዓይነት ቸነፈር ባብዛኛው ከሰው ወደ ሰው አይደለም የሚሄደው፣ ከአይጥ ወደ ሰው በቁንጫ ነው። (ሳንባ የሚይዘው ዓይነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ እዚህ ግን ዋናው እሱ አልነበረም።)

ይሄን ያገኘው ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በጁን 1898፣ ካራቺ ላይ። ቁንጫ ያለባትን የታመመች አይጥ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስገባ፣ እንዳይነካኩ በሽቦ ወንፊት ለይቶ ጤነኛ አይጥ ጨመረ፣ የመጀመሪያዋ ሞተች፣ ከቀናት በኋላ ሁለተኛዋም በቸነፈር ሞተች። በቃ፣ መንገዱ ታወቀ። የዘመኑ ትላልቅ ሰዎች ግን ለዓመታት አልተቀበሉትም፣ ነገሩ የጸናው ቦምቤይ ፓሬል ላይ ከ1905 ጀምሮ የሰራው የምርምር ቡድን ደግሞ ደጋግሞ ካረጋገጠው በኋላ ነው። በሰሜን ህንድ ተራሮች፣ ጋርዋል አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ግን ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ አይጥ ቤት ውስጥ ሞቶ ሲወድቅ ካዩ መንደሩን ጥለው ሜዳ ላይ ጎጆ ቀልሰው ይቀመጡ ነበር። ማለትም ከቤት ሽሹ የሚለው "የመሃይሙ" ዘዴ ከኖራውና ከካርቦሊኩ የተሻለ ነበር። ይሄ ነገር መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በትልቁ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ሰው የተከተለው ነገር አልነበረም ወይ? ነበር፣ ደግሞም ብዙ ነው። ራሱ የጋታከር ኮሚቴ ከጉልበቱ ጎን ለጎን ማህበረሰቦቹ የየራሳቸውን የቸነፈር ሆስፒታል እንዲከፍቱ ፈቀደ፣ አንዳንዴም ለመነ። ፓርሲዎች (ከፋርስ የመጡ የዞራስተር እምነት ተከታዮች) ለራሳቸው፣ ሙስሊሞች ለራሳቸው፣ የተለያዩ የሂንዱ ካስቶች ለየራሳቸው ከፈቱ፣ ሰው ራሱ መጥቶ ገባ። ሞቱ እዚያም ብዙ ነበር። ልዩነቱ ግን ቤተሰብ ገብቶ ያያል፣ ምግቡ ከቤት ይመጣል፣ ቄሱም ሼኩም ይገባል። በካስት መለያየትን እየደገፍኩ አይደለም፣ የተገፋው ካስት የራሱን ሆስፒታል የሚከፍትበት ገንዘብ ከየት ያመጣል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ግን በሽተኛ መደበቅን የቀነሰው ይሄ ነው እንጂ ክበባው አይደለም።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። ዋልደማር ሀፍኪን የኦዴሳ ተወላጅ አይሁዳዊ ነው፣ በኦክቶበር 1896 ቦምቤይ መጥቶ ግራንት ሜዲካል ኮሌጅ ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ ኮሪደር ተሰጠው፣ በሶስት ወር ክትባት ሰራና ጃንዋሪ 10 ቀን 1897 መጀመሪያ ራሱን ወጋ። ፈሪ በሞላባት ከተማ ማን ይወጋ? የኢስማዒሊ ኮጃዎች (ከሺዓ ሙስሊሞች አንዱ ማህበረሰብ) መሪ አጋ ካን ሶስተኛው ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፣ ለሀፍኪን ቤት ሰጠው፣ ተከታዮቹ ፊት ክንዱን አውጥቶ ተወጋ፣ ከዚያ ኮጃዎቹ በሺዎች እየመጡ ተወጉ። ፖሊስ አልነበረም። (ክትባቱ ላይ በኋላ አደጋ ደርሷል፣ በ1902 ፑንጃብ ሙልኮዋል መንደር ውስጥ 19 ሰው በቴታነስ ሞተ፣ ሀፍኪን ያለጥፋቱ ለዓመታት ስሙ ጠፋ፣ በኋላ ነጻ ወጣ።)

የጉልበቱ መንገድ የመጨረሻ ፈተናው የመጣው ማርች 9 ቀን 1898 ነው። ፈታሾች የሙስሊም ሸማኔዎች ሰፈር ገብተው አንዲት የታመመች የ12 ዓመት ልጅ እንውሰድ አሉ፣ ቤተሰቧ እምቢ አለ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ቀጥሎ የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ ጋሪ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ወደቡን ለማዳን ተብሎ የተጀመረው ጉልበት ወደቡን አቆመው። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ቀስ በቀስ ከግዳጅ እየወጣ በፈቃድ ወደሚሆን ነገር የሄደው። ህንድ ውስጥ በቀጣዮቹ አስርት ዓመታት ቸነፈሩ ከ10 ሚሊዮን ሰው በላይ ገድሏል፣ ስለዚህ ማላላቱ በሽታውን አጠፋው አልልም። ጉልበቱ ግን አላስቆመውም፣ ለማስቆም የሚያስፈልገውንም ሰው አባረረ።

አንድ ተቃውሞ ይመጣብኛል፣ እሱም ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፣ እንደ ኢቦላ ያለ ነገር ሲመጣ በሽተኛውን መለየት ግድ አይደለም ወይ የሚል። ግድ ነው። በሽተኛ ይለይ ወይስ አይለይ የሚለው አይደለም የኔ ጥያቄ፣ ተለይቶ የሚገባበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው የሚለው ነው። ምግብ አለ? ቤተሰብ በመስታወትም ቢሆን ያየዋል? የዕለት ገቢው ሲቋረጥ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ቢሞት እንዴት ነው የሚቀበረው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላቸው ፖሊስ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሰው ነው። መልስ ከሌላቸው የፈለገው ያህል ፖሊስ አይበቃም።

እኛም ቤት በ2020 ኮቪድ ሲመጣ አይተነዋል። ከውጭ የገባ መንገደኛ 14 ቀን ኳራንቲን ይግባ ተባለ፣ መክፈል የሚችለው ሆቴል ገባ፣ ከሳውዲ ተባረው የመጡት እህትና ወንድሞቻችን ዩኒቨርሲቲ ዶርም ገቡ። ትርፍ ክፍል ያለውና የሌለው ሰው ያኔም ለየብቻ ነው የታየው። እነዚያ ልጆች እኮ ብዙዎቹ ከእስር ቤት ነው የመጡት፣ ወር ሙሉ ተዘግቶባቸው አገራቸው ሲገቡ ደግሞ ሌላ የተዘጋ በር ጠበቃቸው፣ ከዚያ አንዱ አጥር ዘሎ ቢያመልጥ ግንዛቤ የለውም እንላለን። በሌላ በኩል ደግሞ የምንኮራበት ነገር አለን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ከቀበሌዋ የወጣች፣ የማንን ልጅ ማን እንደወለደ የምታውቅ ልጅ በር ስታንኳኳ ያው የቤት ለቤት ጉብኝት ነው፣ ከጋታከር ፍተሻ ጋር በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ሊመስል ይችላል። እናቶች በር የሚከፍቱላት ግን ትናንትም መጥታ ስለነበር ነው፣ ወረርሽኝ ሳይኖር። ለሷ የሚከፈላት ደመወዝና የሚሰጣት ክብር የወረርሽኝ መከላከያ በጀት ተደርጎ መቆጠር አለበት ባይ ነኝ።

ያ የ1897ቱ ሕግ ህንድ ውስጥ ዛሬም አለ። በ2020 ለኮቪድ ያው ሕግ ነው ከመደርደሪያ የወረደው፣ አርተር ሮድ የነበረው ሆስፒታልም ዛሬ ካስቱርባ ተብሎ የመጀመሪያዎቹን የሙምባይ የኮቪድ በሽተኞች ከተቀበሉት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፣ በጤና ባለሙያ ላይ ጥቃት ያደረሰ እስከ 5 ዓመት፣ ከባድ ጉዳት ካደረሰ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል የሚል ተጨመረበት። ጥሩ ነው፣ ነርስን መምታት ወንጀል ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ተለይቶ ተቀመጥ የሚባለው ሰው ምን እንደሚደረግለት፣ ቤተሰቡ የት ቆሞ እንደሚያየው፣ ያለአግባብ ከተወሰደ ለማን እንደሚያመለክት የሚል አንቀጽ ግን በ123 ዓመት ውስጥ ማንም አላስገባም። የኛ አገር ባለሙያዎችና ሕግ አርቃቂዎች የሚቀጥለውን የወረርሽኝ መመሪያ ሲጽፉ ያንን አንቀጽ ከሁሉም በፊት ይጻፉት፣ ከቅጣቱም ከምርመራውም በፊት፣ አንደኛ ገጽ ላይ።